ሪሚዲያል ሒሳብ ምንድን ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። «ልጁ ሪሚዲያል ደረሰው። አለፈ ማለት ነው ወይስ ወደቀ?» እናቶች ይጠይቁኛል፣ አጎቶች ይጠይቁኛል። ሒሳብ ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ዓመት ትዝ አይለኝም።

ልጁ ገና አላለፈም፣ አልወደቀምም። ሪሚዲያል የማካካሻ ትምህርት ነው። ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የደረሰ፣ ግን ነጥቡ ትንሽ የጎደለው ተማሪ ለጥቂት ወራት ግቢ ገብቶ ይማራል። ከዚያ ይፈተናል። ሲያልፍ ፍሬሽማን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ዓመት፣ ይጀምራል። የተፈጥሮ ሳይንስም ሆነ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ከማይቀሩለት ትምህርቶች ሁለቱ እንግሊዝኛና ሒሳብ ናቸው። ብዙዎችን የሚያስፈራው ደግሞ ሒሳቡ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከ2014ቱ ፈተና በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ተሰጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ደነገጠ። ትምህርት ሚኒስቴር ከቀሩት ውስጥ የተሻለ ነጥብ ያላቸውን መርጦ በማካካሻ ፕሮግራም አስገባ። በቀጣዩ ዓመት ያለፉት 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ነበሩ። ስለዚህ ሪሚዲያል የአንድ ጊዜ መፍትሔ ሆኖ አልቀረም። በመጀመሪያው ዙር 30 ከመቶው ነጥብ ከዩኒቨርሲቲው፣ 70 ከመቶው ከማዕከላዊ ፈተና ይያዝ ነበር። ማለፊያው 50 ነበር።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንግባ። ብዙ ተማሪ ሪሚዲያልን «12ኛን መድገም» አድርጎ ያስበዋል። ሞጁሉን ሲከፍት ኢኩዌሽን አለ፣ ፋንክሽን አለ፣ ጂኦሜትሪ አለ፣ ስታቲስቲክስ አለ። «ይሄን እኮ ተምሬዋለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ተምሮታል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሁለት ዓመት ወይም አራት ዓመት ወደ ኋላ የላላ አንድ ብሎን አለ፤ የዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ሙሉ ክብደቱን የሚጥለው እሱ ላይ ነው።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ለማንኛውም ተማሪ (ሀ + ለ)² ስንት ነው ብላችሁ ስጡት። በጣም ብዙው «ሀ² + ለ²» ይላችኋል። በቁጥር እንሞክረው። ሀ 3፣ ለ 4 ይሁን። 3 እና 4 ሲደመሩ 7፣ የ7 ስኩዌር 49። በተማሪው መንገድ ግን 9 እና 16 ተደምረው 25 ይሆናሉ። 24 ጠፍቷል። የጠፋው መሃል ላይ ያለው 2ሀለ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ አራት። ትክክለኛው መልስ ሀ² + 2ሀለ + ለ² ነበር።

አንድ ልጅ ይህን ሲሳሳት መምህሩ አንድ ነጥብ ይቀንስበትና ያልፈዋል። ልጁም ያልፈዋል። አሁን ይህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ካልኩለስ ጀመረ እንበል። የሀ² ዴሪቬቲቭ (የለውጡ ፍጥነት) ከመሠረቱ ሲሰላ እንዲህ ነው፦ ከ(ሀ + ለ)² ላይ ሀ²ን ትቀንሳላችሁ፣ ለ«ለ» ታካፍላላችሁ፣ ከዚያ ለን ወደ ዜሮ ታስጠጋላችሁ። በትክክለኛው መንገድ 2ሀለ + ለ² ይቀራል፣ ለ«ለ» ሲካፈል 2ሀ + ለ ይሆናል፣ ለ ወደ ዜሮ ሲጠጋ 2ሀ ይመጣል። በልጁ መንገድስ? ለ² ብቻ ይቀራል። ለ«ለ» ሲካፈል ለ። ወደ ዜሮ ሲጠጋ ዜሮ! የየትኛውም ሀ ስኩዌር ለውጥ የለውም ማለት ነው። ልጁ ደብተሩን አይቶ «ካልኩለስ አይገባኝም» ይላል። ካልኩለሱ ግን ገብቶታል። የጣለው የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ነው። ይህን ለይቶ የሚነግረው ሰው ካላገኘ ዘርፉን ይቀይራል ወይም ትምህርቱን ይተዋል። በዚህ ምክንያት የባከኑ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ፤ ባሰብኳቸው ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሪሚዲያል ሒሳብ ዋጋ የሚኖረው ይህን ብሎን ፈልጎ ሲያጠብቅ ነው። ድልድይ የምለውም ለዚህ ነው። በአንድ በኩል የሁለተኛ ደረጃው ሒሳብ አለ፣ በሌላ በኩል ፍሬሽማን። የተፈጥሮ ሳይንሱ ፍሬሽማን ሎጂክና «ሴት» (ስብስብ) ብሎ ይጀምርና ወደ ፋንክሽንና አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ይገባል። የማኅበራዊ ሳይንሱም ማትሪክስና የካልኩለስ መግቢያ አለው። እዚያ ማንም ቆሞ ክፍልፋይ አያስተምርም።

ክፍልፋይ ካነሳሁ አይቀር። ግማሽ እንጀራና ሲሶ እንጀራ አንድ ላይ ስንት ነው? ወረቀት ላይ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ «ሁለት አምስተኛ» የሚል የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለ። ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ጨምረንበት እንዴት ከግማሽ ይወርዳል? እንጀራውን ሲያስበው ወዲያው ይስቃል፣ ያርመዋል። ቁጥሩ በፊደል ሲተካ ግን ያው ስህተት ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛው እንቅፋት ቋንቋ ነው። አብዛኛው ልጃችን ሒሳብን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጀምራል። እንደየክልሉ በተለያየ ክፍል፣ ቢዘገይ 9ኛ ላይ፣ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። «አት ሊስት 5» የሚለውን ሲያነብ ሊስት ማለት ትንሽ ነው ብሎ የያንሳል ምልክት ያደርጋል። ትርጉሙ ግን «ቢያንስ 5» ነው፤ 5 ወይም ከዚያ በላይ። «አት ሞስት» ደግሞ «ቢበዛ»፤ ስለዚህ ወደ ታች። ልጁን በአማርኛ «ቢያንስ አምስት ብር ያስፈልጋል» ብትሉት በፍጹም አይሳሳትም። ስለዚህ የማስጠናቸውን ጥያቄውን መጀመሪያ በራሳቸው ቋንቋ እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። ጊዜ ይወስዳል። ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጡ ይታያል።

የምቃወመው ነገር ሽምደዳን ነው። ወራቱ አጭር ስለሆኑ ልጆቹ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ሰብስበው መልሱን መያዝ ይጀምራሉ። የድሮ ፈተና መሥራት ጥሩ ነው፤ መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ ላይ ግን የሚያስፈልገው የስህተት ደብተር ነው። የሳታችሁትን ጥያቄ ጻፉ፣ የቱ መስመር ላይ እንደሳታችሁ አስምሩበት። ሃያ ስህተት ስትጽፉ አሥራ አምስቱ የአንድ ዓይነት ሆነው ታገኟቸዋላችሁ።

ሪሚዲያል የሚያሳፍር ነገር የሚመስላቸው አሉ። እንዲህ ያለው ድልድይ ሌላም አገር አለ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «መኺና» የሚሉት የቅድመ ዩኒቨርሲቲ ዝግጅት ይኸው ነው። እዚያ የባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ሒሳብ በ3፣ በ4 እና በ5 ዩኒት ደረጃ ይከፈላል፤ መኺና ገብቶ ከ3 ወደ 4 ማሳደግ የተለመደ ነው። አሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የገቡ ደግሞ «ኢንተርሚዲየት አልጀብራ» የሚባለውን ያውቁታል። ብዙ ጊዜ ይከፈልበታል፣ ክሬዲቱ ግን ለዲግሪ አይቆጠርም። ስለዚህ ኮሌጁ የምደባ ፈተና ካለው፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ተዘጋጅታችሁ ውሰዱት።

ዘንድሮ ለሚጀምሩ ሁሉ አንዲት ጥያቄ ልስጥ። −2ሀ < 6 ከሆነ ሀ ምን ይሆናል? «ሀ < −3» ካላችሁ −5ን አስገቡና እዩት። −2 ጊዜ −5 አሥር ነው፤ አሥር ደግሞ ከስድስት አያንስም። በኔጌቲቭ ስናካፍል ምልክቱ ይዞራል፤ መልሱ ሀ > −3 ነው። እዚህ ላይ ከተደናቀፋችሁ ሞጁሉን ለጊዜው አስቀምጡት። ይህ የተጻፈበትን የታች ክፍል መጽሐፍ ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ፤ 8ኛ ክፍልም ቢሆን።