ከላሲክ በፊት የዓይን ድርቀት

መነጽር ሰልችቷቸው ላሲክ (ዕይታን በሌዘር የሚያስተካክል ቀዶ ሕክምና) ከሚያስቡ ሰዎች ብዙዎቹ ኮንታክት ሌንስ ሞክረው ያልተመቻቸው ናቸው። ይቆረቁራቸዋል፣ አመሻሽ ላይ ዓይናቸው ይቀላል። ጥፋተኛው ግን ሌንሱ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ዓይናቸው ቀድሞውንም ደረቅ ሊሆን ይችላል። ላሲክ ደግሞ ራሱ ዓይን ያደርቃል።

እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። ቶሎ እንዳይተን ከላዩ ስስ ቅባት ይሸፍነዋል። ቅባቱ የሚመነጨው በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ካሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። እነሱ ሲደፈኑ ዓይን ይደርቃል፤ ተቆጥቶም ያለቅሳል። እንባው እየወረደ «ዓይንህ ደርቋል» የተባለ ሰው ግር ቢለው አይፈረድበትም።

በላሲክ ጊዜ ሐኪሙ የዓይን ብሌንን ስስ ሽፋን እንደ ክዳን ይገልጥና ከሥሩ በሌዘር ይቀርጻል። ሽፋኑ ሲቆረጥ ነርቮችም አብረው ይቆረጣሉ። «ደርቋል፣ እንባ ይምጣ» የሚል መልእክት የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። መልሰው እስኪያድጉ ወራት ይፈጃል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በተሳተፈበት ጥናት፣ ከሕክምናው በፊት የድርቀት ምልክት ካልነበራቸው እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት በ3 ወር ድርቀት ተሰምቷቸዋል። አብዛኛው ሰው በ6 ወር ወይም በዓመት ውስጥ ይሻለዋል። ዓመታት አልለቅ የሚላቸውም አሉ።

ስለዚህ ዓይኑ ቀድሞ ይፈተሻል። በታችኛው ቆብ ላይ ቀጭን ወረቀት ለ5 ደቂቃ ይንጠለጠላል፤ የረጠበው ከ5 ሚሊሜትር ካነሰ እንባው በጣም አንሷል ማለት ነው። ቢጫ ቀለም ጠብ ተደርጎም እንባው ሳይበታተን ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይታያል። ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ ያጠራጥራል። ይህን ዘልሎ ወደ ሌዘሩ መሮጥ አያዋጣም፤ የደረቀ ዓይን የብሌኑን ልኬት ያዛባል፣ አንዴ የተቀረጸ ብሌን ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ድርቀት ተገኘ ማለት ግን ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። ሰው ሠራሽ እንባ፣ ቆብ ላይ የሚያዝ ሞቅ ያለ ጨርቅ፣ ሲብስም የሳይክሎስፖሪን ጠብታ ይታዘዛል። ለሳምንታት ታክሞ ልኬቱ ይደገማል። ስማይል የሚባለው ዘዴም አለ፤ ሽፋኑ ሳይገለጥ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር በሆነ ቀዳዳ ይሠራል። አፍንም ዓይንንም የሚያደርቀው የሾግረን በሽታ ላለበት ሰው ግን ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ላሲክን አይመክሩም።