ሶናታ ምንድን ነው?

ቃሉ የጣልያንኛ ነው። ካንታታ የሚዘፈን፣ ሶናታ ደግሞ በመሣሪያ የሚጫወቱት ማለት ነበር፤ በቃ። በሃይደን፣ በሞዛርትና በቤትሆቨን ዘመን ግን ነገሩ መልክ ያዘ። ሦስት ወይም አራት ክፍል ይኖረዋል። ብዙ ጊዜ ፈጠን ብሎ ይጀምራል፣ መሀል ላይ ረጋ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ፈጥኖ ያልቃል።

ጉዳዩ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው። አንድ ዜማ በአንድ ኪ፣ ማለትም መነሻና ማረፊያው በሆነ የድምፅ ቤት፣ ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ ኪው ይቀየርና ሌላ ዜማ ይመጣል። ከዚያ ሁለቱም ይሰባበራሉ፣ ከኪ ኪ ይንከራተታሉ፣ ጆሮም የመጣበትን መናፈቅ ይጀምራል። በመጨረሻ የመጀመሪያው ዜማ ይመለሳል። ሁለተኛውም፣ ያ በሰው አገር የሰማነው፣ አሁን በመነሻው ኪ ይገባል። ዞሮ ዞሮ ከቤት የምንለው ነው። ኪ ምን እንደሆነ በደንብ ባይገባችሁም ግድ የለም፤ መመለሱን ጆሯችሁ ያውቀዋል።

ከየት እንጀምር ካላችሁኝ ከፒያኒስቱ ከአርተር ሽናቤል ጀምሩ እላለሁ። 32ቱን የቤትሆቨን የፒያኖ ሶናታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በሸክላ ያስቀረጸው እሱ ነው፤ ከ1932 እስከ 1935 እ.ኤ.አ.፣ ለንደን፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ። ያኔ የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ከአራት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም ነበር። ስለዚህ ረጅሙ ክፍል እየተቆራረጠ ነው የሚቀረጸው። እንደ ዛሬው የተበላሸችውን ቦታ ብቻ ቆርጦ መተካት የለም። ጣት ከሳተ ወይ ገጹን ከመጀመሪያው መድገም ነው፣ ወይ ስህተቱን መተው።

ሽናቤል የተወው ብዙ ነው። 29ኛውን፣ ሐመርክላቪየር የሚሉትን ስሙት። ከሶናታዎቹ ሁሉ ቤትሆቨን የሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ፍጥነት የጻፈው ለዚህ ብቻ ነው፤ በደቂቃ 138 ምት፣ ያውም የሚያስፈራ ፍጥነት። ብዙ ፒያኒስቶች ዝግ አድርገው ይጫወቱታል። ሽናቤል የተጻፈውን ፍጥነት ለመያዝ ይሮጣል፣ ኖታዎች ይደባለቃሉ፣ የሳታቸው በግልጽ ይሰማሉ። እኔ ግን ይሄንን ከጠሩት የዛሬ ቀረጻዎች አስበልጠዋለሁ። እንደዚያ ሆኖ ከቤቱ የራቀ ሙዚቃ ሲመለስ፣ መመለሱ ደረት ውስጥ ይሰማል።

ደንቡን ሁሉም አይጠብቁትም። የመጨረሻው፣ 32ኛው፣ ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለው። ፈጣን መዝጊያ ስትጠብቁ ያ ረጅም ረጋ ያለ ዜማ ቀስ እያለ ይሳሳና ዝም ይላል።