ስለ ሕፃናት የሌሊት እንቅልፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አራስ ባለበት ቤት ሌሊቱ ሲረዝም ምክር አይጠፋም። አያት፣ ጎረቤት፣ አራስ ጠያቂ፣ አሁን ደግሞ ቴሌግራምና ቲክቶክ፣ ሁሉም ሕፃኑን ድብን አድርጎ የሚያስተኛ ነገር ያውቃል። ሁሉም የሚመክረው ለበጎ ነው፤ ግን ከምክሩ ከፊሉ አይሠራም፣ ከፊሉ ደግሞ ሕይወት ያሳጣል። ብዙ ጊዜ የሚደጋገሙትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጤነኛ ሕፃን ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል»

አይተኛም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊተኛም አይገባውም። እስከ 3 ወር ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል። እንቅልፉ ግን ቀንና ሌሊት ሳይለይ በየ2 እና በየ3 ሰዓቱ ይቆራረጣል። ሆዱ ትንሽ ነው፣ የጡት ወተትም ቶሎ ይፈጫል፤ ስለዚህ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ቀንን ከሌሊት የሚለየው የሰውነቱ ሰዓትም መልክ የሚይዘው ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ነው። ተመራማሪዎች እንኳ «ሌሊቱን ተኛ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ሳይነቃ ቆየ ማለታቸው ነው። የተወለደበትን ክብደት እስኪመልስ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሁለተኛው ሳምንት፣ እንዲያውም ከ4 ሰዓት በላይ ከተኛ ቀስቅሶ ማጥባት ያስፈልጋል።

ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ምክንያት እንቅልፍ የሚሰበረው ግን በሌላ ነገር ነው። የአዲስ ሕፃን እንቅልፍ ግማሽ ያህሉ እየተንቀሳቀሰ የሚተኛው ነው። ዓይኑ ከቆቡ ሥር ይንከራተታል፣ ፊቱን ይቋጥራል፣ ያቃስታል፣ እጁን ያወራጫል፣ አንድ ሁለቴም ያለቅሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ተኝቶ ነው። በዚህ ጊዜ ብድግ ብላችሁ መብራት አብርታችሁ ካነሳችሁት ግን በእርግጥ ይነቃል። አንድ ሁለት ደቂቃ ሳትነኩት እዩት። ዓይኑን ከገለጠ፣ አፉን ከፍቶ ወደ ጎን እየዞረ ጡት ከፈለገ ወይም ለቅሶው እየጨመረ ከሄደ ነቅቷል ማለት ነው፤ ያኔ ለቅሶው ሳይጠና አጥቡት።

«ቀን ካልተኛ ማታ ጥሩ ይተኛል»

ከመጠን በላይ የደከመ ሕፃን ሰውነቱ ይነቃቃል፤ ለመተኛት ያስቸግራል፣ ከተኛም በኋላ ቶሎ ቶሎ ይባንናል። አዲስ ሕፃን ከእንቅልፍ እስከ እንቅልፍ ነቅቶ መቆየት የሚችለው ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነው፤ ማጥባቱና ዳይፐር መቀየሩም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። በ3 እና በ4 ወሩ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል፣ በ6 ወሩ ከ2 እስከ 3 ሰዓት። ዓይኑን ማሸት፣ ፊቱን ከሰው ማዞር፣ ፈዞ ማየት ሲጀምር አስተኙት። ተንጰርጵሮ ማልቀስ ሲጀምር ጊዜው አልፏል።

ማታን የሚያስተካክለው ቀኑን መለየት ነው። ጠዋት መጋረጃ ይከፈት፣ ቀን ሲተኛ የቤቱ ድምፅ አይቀነስ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ግን መብራት ይደብዝዝ፣ ቴሌቪዥን ይጥፋ፣ ሌሊት ሲያጠቡ ወሬና ጨዋታ አይኑር፤ ሰገራ ከሌለው ወይም ዳይፐሩ ካልሞላ መቀየርም አያስፈልግም። ከ2 እና ከ3 ወር ጀምሮ በየማታው በተመሳሳይ ሰዓትና ቅደም ተከተል ገላ ማጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ማጥባት፣ እሹሩሩ ብሎ ማስተኛት ብዙ ይረዳል። ሁሉም በ30 ደቂቃ ይለቅ። አራስ ጠያቂ ማታ 2 ሰዓት ላይ መጥቶ ሕፃኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲያዟዙረው የሚያመሸው ነገር ነው ሌሊቱን የሚያበላሸው፤ «ቀን ቀን ብትመጡልን» ማለት ነውር ሊሆን አይገባም።

«ወተቱ አልበቃውም፤ አጥሚት ቢጨመርለት ያድራል»

ማታ ማታ በየሰዓቱ መጥባት የወተት ማነስ ምልክት አይደለም፤ ከምሽት ጀምሮ ደጋግመው የሚጠቡ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ወተቱ መብቃቱ የሚታወቀው ከተወለደ ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን ቢያንስ 6 ጊዜ ሲሸና እና ክብደቱ ሲጨምር ነው።

ምግብ ቀድሞ መጀመር እንቅልፍ ይጨምራል የሚለው ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት ከ3 ወር ጀምሮ ምግብ የቀመሱትን የጡት ወተት ብቻ ከሚጠቡት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ልዩነቱ በጣም በሰፋበት በ6 ወር እንኳ በሌሊት 17 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ የሚለው በምክንያት ነው፤ ንጽህናው ያልተጠበቀ ጡጦ ተቅማጥ ያመጣል፣ የላም ወተት ደግሞ አንጀትን አድምቶ የደም ማነስ ሊያስከትል ይችላል። ውሃና የስኳር ውሃ ሆዱን ሞልተው ወተት ያስቀሩበታል፤ ሲበዛ የደሙን ጨው አሳንሶ እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሰዋል። ቅቤ ማስዋጥ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያስከትላል። ማር 1 ዓመት ሳይሞላው አይቀመስም፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው ባክቴሪያ የሕፃኑን ጡንቻ የሚያልፈሰፍስ መርዝ አንጀቱ ውስጥ ያመርታል።

«ትንሽ ሽሮፕ ቢሰጠው እኛም እናርፋለን»

ይህን አታድርጉ። ለአለርጂና ለማስመለስ የሚሰጡ፣ እንቅልፍ የሚያመጡ ሽሮፖች የሕፃንን አተነፋፈስ ያፍናሉ። ከእነዚህ አንዱ በሆነው ፕሮሜታዚን ላይ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት በፍጹም እንዳይሰጥ ከባዱን ማስጠንቀቂያ ያወጣው ሕፃናት ስለሞቱ ነው። ፓራሲታሞልም የትኩሳትና የሕመም መድኃኒት እንጂ የእንቅልፍ አይደለም። ያለ በቂ ምክንያት የሚመስለው የማታ ለቅሶ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ጣሪያ ይነካና በ3 ወይም በ4 ወር ላይ ይበርዳል። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተኮሰ፣ መጥባት እምቢ ካለ ወይም ከወትሮው የተለየ ዝልፍልፍ ካለ ግን ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

«በሆዱ ወይም በጎኑ ይተኛ፣ በጀርባው ከተኛ ትፋቱ ያንቀዋል»

እንቅልፍን በተመለከተ ከሁሉም በላይ ብዙ ሕይወት የጠፋበት ስህተት ይህ ነው። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል፤ ወተት ወደ ላይ ቢመለስ ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ግን የምግብ ቧንቧው ከላይ ስለሚሆን የሚመለሰው ወተት ቁልቁል ወደ አየር ቧንቧው አፍ ይወርዳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ የመከረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነበር። በ1994 በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ተጀመረና በዚያች አገር ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

በጎን ማስተኛትም አይበቃም፤ በቀላሉ ተገልብጦ በሆዱ ይሆናል። ትፋት የሚያበዛም ቢሆን በጀርባው፣ በጠፍጣፋና ደንዳና ፍራሽ ላይ ይተኛ። ትራስ፣ ወፍራም ጋቢ፣ አሻንጉሊት አጠገቡ አይኑር። ፊቱን በነጠላ መሸፈንም ይቅር፤ ከዓይን ለመጠበቅ ተብሎ የተጣለው ጨርቅ ያስተነፈሰውን አየር መልሶ እንዲስብ ያደርገዋል፣ ያሞቀዋልም። ዝንብና ትንኝ ካሉ አጎበር አለ። ራሱ በሁለቱም በኩል መገላበጥ ከቻለ በኋላ ማታ ቢገለበጥ እየተነሱ መመለስ አያስፈልግም። በሆዱ መተኛት የሚጠቅመው ነቅቶ፣ ሰው እያየው፣ አንገቱን ለማጠንከር በቀን በጥቂት በጥቂት ደቂቃ ነው።

«ብርድ እንዳይመታው ደራርቦ መጠቅለል»

ከእናንተ ልብስ አንድ ሽፋን ብቻ ይጨመርለት። እጅና እግሩ ቢቀዘቅዝ አያስደንግጣችሁ፤ መለኪያው ማጅራቱ ወይም ደረቱ ነው። ላብ ካለው ወይም ከጋለ አንዱን አውልቁ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ኮፍያ ለብሶ አይተኛ። መጠቅለል የሚያረጋጋቸው ሕፃናት አሉ፤ ከወገብ በታች ግን እግሮቹ ታጥፈው ወደ ጎን መከፈት የሚችሉበት ልቅነት ይኑር፤ እግርን አቅንቶ አጥብቆ ማሰር የዳሌ መገጣጠሚያን ያወልቃል። መገላበጥ የጀመረ ሕፃን አይጠቀለልም።

የአራሷን ክፍል ለማሞቅ ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ፈጽሞ አይደረግ። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው እንቅልፍ እንደወሰደው ይሞታል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ስለጠፋ አደጋው አልፏል ማለት አይደለም።

«ከእናቱ ጋር አንድ አልጋ ላይ መተኛት ችግር የለውም» / «በሌላ ክፍል ቢተኛ ይለምዳል»

ሁለቱም ጫፍ የወጡ ናቸው። ቢያንስ እስከ 6 ወር በወላጆቹ ክፍል፣ በራሱ መኝታ ላይ፣ እጅ ዘርግታችሁ በምትደርሱበት ቦታ ቢተኛ ይሻላል፤ ለማጥባትም ይቀላል። አልጋው አንድ ብቻ በሆነበት ቤት አደጋውን ለመቀነስ ፍራሹ ደንዳና ይሁን፣ ትራስና ብርድ ልብስ ከሕፃኑ ይራቁ፣ ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቅ ክፍተት አይኑር፣ ታላላቅ ልጆች አጠገቡ አይተኙ። መጠጥ የጠጣ፣ የሚያጨስ ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የወሰደ ሰው ባለበት አልጋ፣ ሕፃኑ ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ከሆነ ደግሞ በማንኛውም ሁኔታ አብሮ መተኛት አይደረግም። ከሁሉ የከፋው ሶፋ ላይ እያጠቡ ማሸለብ ነው፤ ሕፃኑ በክንድና በመደገፊያው መሀል ይወሸቃል። እንቅልፍ እንደሚያሸንፋችሁ ካወቃችሁ ከሶፋው ይልቅ የተስተካከለ አልጋ ላይ አጥቡ።

«እቅፍ ይለምዳል፣ ይሞላቀቃል»

በመጀመሪያዎቹ 3 እና 4 ወራት ማቀፍ፣ ቀን በአንቀልባ ማዘል፣ ሲያለቅስ ማንሳት አያሞላቅቀውም። ከ4 ወር በኋላ ግን ሙሉ በሙሉ እንቅልፍ ሳይወስደው፣ ዓይኑ ሲከብደው አልጋው ላይ ማስቀመጥ ጀምሩ። በክንድ ላይ ተኝቶ አልጋ ላይ የሚነቃ ሕፃን ሌሊት በነቃ ቁጥር ያንኑ ክንድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ በቀን አንዴ ብቻ ሞክሩት።

ከ6 ወር በኋላ ጤነኛና ክብደቱ የተስተካከለ ከሆነ ሲያለቅስ ከ2 ደቂቃ በኋላ ገብቶ ሳያነሱ መታ መታ አድርጎ ማረጋጋት፣ ቀጥሎ ከ4፣ ከዚያ ከ6 ደቂቃ በኋላ መግባት ይቻላል። ይህ ልጁን ይጎዳዋል ብለው የሚሰጉ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት እንዲህ ዓይነት ዘዴ የተማሩ ወላጆችን ልጆች እስከ 6 ዓመታቸው ተከታትሎ በስሜታቸው፣ በባሕርያቸውም ሆነ ከወላጆቻቸው ጋር ባላቸው ግንኙነት ጉዳት አላገኘም። የማትፈልጉት ከሆነ አለማድረግም ጉዳት የለውም።

«ሌሊቱ የእናት ሥራ ነው»

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አባት የሚያገኘው ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ስለሆነ ብዙ ቤት ውስጥ ሌሊቱ በሙሉ በእናቲቱ ላይ ይወድቃል። እናት የምትፈልገው ሳይቆራረጥ የምትተኛው 4 ሰዓት ነው፤ ቀኑን ሙሉ የተሸራረፈ እንቅልፍ ያንን አይተካም። ለምሳሌ ከምሽቱ 2 ሰዓት አጥብታ ወዲያው ትተኛ፤ አባት፣ እህት ወይም አያት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ሕፃኑን ይያዙ። ጡት ማጥባቱ ከተረጋጋ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ የታለበ ወተት ካለ በመሀሉ እነሱ ያጠጡታል፤ ከሌለ አምጥተውላት አጥብታ ስትመልስ ማስገሳቱንና ማስተኛቱን ይረከባሉ።

ለቅሶው ትዕግሥት ሲያስጨርስ ሕፃኑን በጀርባው አልጋው ላይ አስተኝቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ለ10 ደቂቃ መውጣት ይቻላል። ሕፃንን መነቅነቅ ግን ለአፍታም ቢሆን አንጎሉን ያደማል። እናት ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ከ2 ሳምንት በላይ ሐዘን፣ ፍርሃት ወይም ባዶነት ከተሰማት የወሊድ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳ ትንገራቸው። ራሷን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ብቻዋን አትተው፤ ያኔውኑ ሰው ይዟት ይሂድ።