ያለ ውድ መጭመቂያ ፍራፍሬ ጨምቆ ወይን ጠጅ መጥመቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

መጭመቂያ ስለሌላቸው ብቻ ወይን ጠጅ የመጥመቁን ሐሳብ የሚተዉ ብዙ ናቸው። እስከ 20 ኪሎ ፍራፍሬ ድረስ መጭመቂያ መግዛት ግድ አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ጉዳት የሚያመጡት ደግሞ የዕቃ እጥረትን ለማካካስ ተብለው የሚወሰዱ የተሳሳቱ አቋራጮች ናቸው።

«ማሽን ከሌለ ጭማቂ አይወጣም»

ጭማቂው ያለው በዓይን በማይታዩ ሕዋሳት ውስጥ ነው። የሕዋሱ ግድግዳ ካልፈረሰ ከባድ መጭመቂያም ብዙ አያወርድም፤ ከፈረሰ ግን ትልቁ ድርሻ በራሱ ክብደት ይንጠባጠባል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ከመጭመቁ በፊት ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ፍሪዘር ነው። ፍሬው ይታጠባል፣ የበሰበሰውና የሻገተው ይለቀማል፣ ቅጠሉና እንጨቱ ይወጣል። ከዚያ ሁለት ቀን በረዶ ሆኖ ይቆያል። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ስለሚሰፋ ግድግዳውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ሲወጣም ባልዲ ውስጥ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ይቅለጥ፤ እየቀለጠ የሚወርደው ጭማቂ ከምርጡ ክፍል ስለሆነ መፍሰስ የለበትም። ሲገባ ድንጋይ የመሰለ ፕሪም ቀልጦ ሲወጣ በሁለት ጣት ጫን ቢሉት ሥጋው ይፈስና ባዶ ልጣጩ እጅ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ፔክቲክ ኤንዛይም ነው። ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያጣበቀው ፔክቲን የሚባል ሙጫ ነገር ሲሆን ኤንዛይሙ ይህን ይቆራርጠዋል። መጠኑ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መከተል ይሻላል። ቅደም ተከተሉን ግን ብዙዎች ይስቱታል። በረዶ ተሕዋስያንን ሁሉ ስለማይገድል መጀመሪያ የሰልፋይት ክኒን (ካምደን የሚባለው) ተፈጭቶ ይገባል፤ ለ4.5 ሊትር ገደማ አንድ ክኒን ይበቃል። ከ12 ሰዓት በኋላ ኤንዛይሙ ይጨመራል፣ ከሌላ 12 ሰዓት በኋላ እርሾው። ሁሉንም በአንድ ላይ መጨመር ሰልፋይቱ እርሾውን እንዲያዳክመው ያደርጋል። አስም ያለበት ሰው ሰልፋይት ሲፈጭ እንዳይተነፍሰው ይጠንቀቅ።

«ብሌንደር በደቂቃ ይጨርሰዋል»

በደቂቃ የሚጨርሰው ነገር ለሳምንታት የሚቆይ ችግር ያመጣል። የወይን ዘር ሲሰበር የሚመር ታኒንና ዘይት ይለቃል፤ ይህን ምሬት በኋላ ማውጣት ቀላል አይደለም። የፖም ዘርና የፕሪም ወይም የኮክ ውስጠኛ ጠንካራ ፍሬ ደግሞ ሲፈጩ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ስላላቸው ጭራሽ ሊፈጩ አይገባም። በዚያ ላይ እንደ ገንፎ የላመ ፍሬ ጨርቁን ይደፍነዋል፤ ጭማቂው መውጫ ያጣል።

ለስላሳ ፍሬ በንጹሕ እጅ ወይም በድንች መጨፍለቂያ ልጣጩ እስኪፈነዳ ድረስ መጨፍለቅ ይበቃል። ፖም ብቻ ለየት ይላል። ሙሉውን ቢጫኑት ጠብ አይልም፤ ዘሩ ወጥቶ፣ በቁራጭ ተከትፎ፣ በረዶ ሆኖ ከቀለጠ በኋላ ነው የሚሰጠው። ዘሩ በጥንቃቄ ከወጣለት በብሌንደር ለአጭር ጊዜ እያስነሱ እያቆሙ፣ የሩዝ ያህል ቅንጣት እስኪሆን መሰባበር ይቻላል።

«ፍሬ ሁሉ ከመብላላቱ በፊት ይጨመቃል»

ይህ እውነት የሚሆነው ለነጭ ወይን ጠጅና ለፖም ነው። ነጭ ወይን ተጨፍልቆ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጨመቅ አለበት፤ ልጣጩ ላይ ሲቆይ ቀለምና መጎምዘዝ ይስባል። ለቀይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ውስጥ ስለሆነ ፍሬው ከነልጣጩ ከ5 እስከ 10 ቀን ይብላላል፣ ከዚያ ይጨመቃል። ለእንጆሪና ለፕሪም ደግሞ የተጨፈለቀውን ፍሬ ሰፋ ያለ ዓይን ባለው ናይለን ከረጢት አስሮ ባልዲ ውስጥ ከ5 እስከ 7 ቀን ማብላላት ነው።

መጭመቂያ ለሌለው ሰው ትልቁ እፎይታ ይህ ነው። እርሾው በሚያመነጨው አልኮልና በእንቅስቃሴው ፍሬውን ራሱ ያፈርሰዋል፤ በስድስተኛው ቀን ከረጢቱ ሲነሳ ከገባበት መጠን በግልጽ አንሶ ይገኛል፤ የሚቀረው ጥቂት መጠምዘዝ ብቻ ነው። ነገር ግን ፍሬው በጋዝ ተገፍቶ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ታች ካልተደፈቀ ደረቁ ገጽ ይሻግታል፣ ኮምጣጤ የሚያመጣው ባክቴሪያም እዚያ ይሰፍራል።

«ባልዲ ላይ ክብደት መጫን ብቻ ይበቃል»

ስሌቱ እንዲህ ይላል፦ የባልዲ ወለል ከዳር እስከ ዳር 28 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ 20 ኪሎ ቢጫንበት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የሚያርፈው ከ35 ግራም አይበልጥም። ይህ ጥቂት ነው። የባልዲ መጭመቂያ የሚሠራው ፍሬው ቀድሞ ከፈረሰና ድርድሩ ስስ ከሆነ ብቻ ነው።

አሠራሩ ለምግብ መያዣ የተሠሩ ሦስት ባለ 20 ሊትር ባልዲዎችን ይፈልጋል። የአንዱ ወለልና የጎኑ የታችኛው ግማሽ በ6 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ፣ በየ3 ሴንቲሜትሩ ይበሳል፤ የፕላስቲኩ ፍርፋሪ በደንብ ይሞረድ፣ አለዚያ ከረጢቱን ይቀደዋል። ሁለተኛው ባልዲ ውስጥ ጎድጓዳ ሳህን ተገልብጦ ይቀመጥና የተበሳው ባልዲ በላዩ ያርፋል። ያለዚህ ሁለቱ ይጣበቃሉ፣ ጭማቂውም ማረፊያ ያጣል። የናይለን ከረጢቱ ከውስጥ ተዘርግቶ ፍሬው ቢበዛ 15 ሴንቲሜትር ድረስ ይሞላል፣ አፉ ይታጠፋል፣ ከባልዲው ጠበብ ያለ ጠፍጣፋ ሳህን ይደረብበታል። ሳህኑ ላይ ሁለት የእንጨት ጉማጅ ያስፈልጋል፤ ከሌለ ሦስተኛው ባልዲ ጎኑ ላይ ይወሸቅና ክብደቱ ፍሬው ላይ ሳይሆን ባልዲው ላይ ያርፋል።

ሦስተኛው ባልዲ በጉማጆቹ ላይ ይቀመጥና ውስጡ ውሃ ይጨመራል። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ስለሆነ ክብደቱ ያለ ሚዛን ይታወቃል። 5 ሊትር፣ ሩብ ሰዓት እረፍት፣ 10 ሊትር፣ እንደገና እረፍት፣ ከዚያ 20። ባንዴ ሲጫን የታችኛው ፍሬ ተጠቅጥቆ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ጠብታው ሲቆም ክብደቱን አንስቶ፣ ፍሬውን በእጅ ፈታ ፈታ አድርጎ እንደገና መጫን ከተጨማሪ 20 ኪሎ የበለጠ ይሰጣል።

ለ5 ኪሎና ከዚያ በታች ይህም አያስፈልግም። 2 ኪሎ የሚሆነውን በከረጢት አስሮ፣ በአንገቱ በኩል የእንጨት ማንኪያ አስገብቶ መጠምዘዝ ከባልዲው የበለጠ ግፊት ይፈጥራል። የመኪና ክሪክ የሚጠቀሙም አሉ። ክሪክ ግን ጠንካራ የእንጨት ፍሬም ይጠይቃል፣ የሃይድሮሊክ ዘይቱም እንዳያንጠባጥብ ከሥሩ መሸፈን አለበት። በፕላስቲክ ባልዲ ላይ ፈጽሞ መሞከር የለበትም፤ ባልዲው ይፈነዳል።

በእነዚህ መንገዶች ከ10 ኪሎ ወይን ከ5 እስከ 6 ሊትር ይጠበቃል። የተገዛ መጭመቂያ ምናልባት አንድ ሊትር ይጨምራል።

«የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወጣ»

ሳይጫኑት የሚወርደው ጭማቂ ለስላሳና መዓዛው የጠራ ነው። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ከልጣጩና ከዘሩ የሚመጣው ታኒን ይበዛል፣ አሲዱም ይቀንሳል። ስለዚህ የመጨረሻው ዙር ለብቻው ዕቃ ይቀዳ። በየጊዜው በማንኪያ እየቀመሱ፣ ድዱን ማድረቅና ምላስን መሳብ ሲጀምር ማቆም ነው። ለብቻው የተያዘው ወይን ጠጁ ሲደርስ ቀምሶ መቀላቀል ይቻላል፤ አንዴ ከተቀላቀለ ግን መለየት የለም።

«ፍሬውን ቀቅሎ መጭመቅ ይቀላል»

ይቀላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ፔክቲኑን ስለሚያሟሟው ወይን ጠጁ ጭጋጋማ ሆኖ ይቀራል፤ ጣዕሙም ወደ ማርማላታ ይሄዳል።

«ዕቃው ንጹሕ ከሆነ ምንም ይሁን»

የፍራፍሬ አሲድ ብረት፣ መዳብ፣ አሉሚኒየምና ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ያሟሟል። ጣዕሙን ያበላሻል፣ ዚንኩ ሆድም ያማል። የማይዝግ ብረት፣ ብርጭቆና ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ብቻ ይጠቀሙ።

«በስስ ጨርቅ ደጋግሞ ማጥለል ያጠራዋል»

ወይን ጠጅ የሚጠራው ሲረጋ ነው። ስስ ጨርቅ ቶሎ ይደፈናል፣ ማጥለሉም ይረዝማል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አየር እየገባ ነው። ከመብላላቱ በፊት ይህ ብዙ አይጎዳም፣ እርሾውም ኦክስጅን ይፈልጋል። ከተብላላ በኋላ ግን አየር ቀለሙን ያጠይመዋል፣ ኮምጣጤም ያስከትላል። ሰፋ ባለ ዓይን አንድ ጊዜ አጥልሎ፣ ጋዝ የሚያስወጣ አየር የማያስገባ ክዳን ወዳለው አንገተ ጠባብ ጠርሙስ መቅዳት ይሻላል። መፍላቱ እስኪረግብ ለአረፋው ጥቂት ቦታ ይተውለት፤ ከዚያ እስከ አንገቱ ይሞላ። ወፍራሙ አተላ ከሥር ሲሰፍር ላዩን ሳያናውጡ በቀጭን ቱቦ ወደ ሌላ ጠርሙስ ማዛወር፣ የቱቦውን ጫፍ ከታችኛው ጠርሙስ ወለል ላይ አሳርፎ እንዳይረጭ ማድረግ ነው።