የክርስቶስ ወታደር፦ የጦር ሜዳ ምሳሌ በክርስትና ሕይወት

የክርስቲያንን ኑሮ በዘመቻ መመሰል የክርስትናን ያህል ዕድሜ አለው። ትልቁ ምንጭ ቅዱስ ጳውሎስ ነው። ኤፌሶን ምዕራፍ 6 ላይ ምእመኑን ሙሉ በሙሉ ያስታጥቀዋል፦ የእውነት መታጠቂያ፣ የጽድቅ ጥሩር (የደረት መከላከያ)፣ የወንጌል ጫማ፣ የእምነት ጋሻ፣ የመዳን ራስ ቁር፣ የመንፈስ ሰይፍ። ልብ ካላችሁ፣ ከስድስቱ ሰይፉ ብቻ ነው የሚያጠቃው፤ እሱም የእግዚአብሔር ቃል ነው። ጥሩሩና ራስ ቁሩ ቀድሞ ኢሳይያስ 59 ላይ አሉ፤ እዚያ የሚለብሳቸው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ጳውሎስ ሮም ሲታሰር ደግሞ አንድ ወታደር ይጠብቀው ስለነበር ትጥቁን በቅርብ ያውቀዋል። አንዳንድ የውጭ ምሁራን ኤፌሶንን የጻፈው ጳውሎስ መሆኑን ይጠራጠራሉ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ግን 14ቱም የጳውሎስ መልእክታት የእሱ ናቸው፣ አለቀ።

ምሳሌውን ከተቀበሉት አንዱ የአንጾኪያው ቅዱስ አግናጥዮስ ነው፤ እኛ «ምጥው ለአንበሳ» የምንለው። በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም 10 ወታደሮች ወደ ሮም እየነዱት ለሰምርኔሱ ጳጳስ ለፖሊካርፐስ ሲጽፍ ጥምቀትን ጋሻ፣ እምነትን ራስ ቁር፣ ፍቅርን ጦር፣ ትዕግሥትን ሙሉ ትጥቅ ያደርጋቸዋል። ጠባቂዎቹን ግን ነብሮች ነው የሚላቸው።

ምሳሌው በደንብ ሥር የሰደደው ገዳም ውስጥ ነው። የበረሃ አባቶች ጠላታቸው አጋንንትና የገዛ ሐሳባቸው ነበር፣ መሣሪያቸውም ጾም፣ ስግደትና መዝሙረ ዳዊት። የእኛዎቹ በዚህ አይታሙም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሲጸልዩ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከቀኝና ከግራ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 8 ጦር ተክለው እንደቆሙ፣ አንድ እግራቸው ከተሰበረ በኋላም 7 ዓመት በአንድ እግር እንደጸለዩ ገድላቸው ይናገራል። ጦሮቹ ጫፋቸውን ያዞሩት ወደ ጸሎተኛው ነው፤ እንቅልፍ ቢጥለው እንዲወጉት።

የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም ፈረሰኛ ሰማዕታት ሞልተዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ደራጎኑን ይወጋል፣ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ከሀዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን ይጥላል። ብዙዎቹ በሕይወታቸው የሮም ጭፍሮች ነበሩ፤ የሚከበሩት ግን ድል ስላደረጉ ሳይሆን ክርስቶስን አንክድም ብለው ስለሞቱ ነው። ምሳሌውና እውነተኛው ጦርነት የተገናኙበት ጊዜም አለ፤ በ1888 የጊዮርጊስ ታቦት ዓድዋ ዘምቷል። ፒያሳ የሚገኘው ደብር የዚያ መታሰቢያ ነው።

አውሮፓ ውስጥ የመስቀል ጦርነቶች ምሳሌውን ወደ እውነተኛ ሰይፍ ለወጡት።

ኋላ ዊልያም ቡዝና ባለቤቱ ካትሪን በ1865 እ.ኤ.አ. ለንደን የጀመሩት ድሆችን የሚረዳ ተልእኮ በ1878 ስሙን «የድነት ሠራዊት» (Salvation Army) አለው። መሪው ጄኔራል፣ ሰባኪው መኮንን፣ ምእመኑ ወታደር ይባላል፤ ዩኒፎርምና የሙዚቃ ባንድም አላቸው። መሣሪያ ግን አይታጠቁም። ከኢትዮጵያ ወንጌላውያን ዘንድም «መንፈሳዊ ውጊያ» የዘወትር አነጋገር ነው፣ በተለይ በሌሊት ጸሎት ፕሮግራሞች።