ፍጥነትና ቴምፖ፦ ድምፁን ሳያቀጥኑ ዘፈን ማፍጠን

የካሴት ዘመን ሰው ይህን በጆሮው ያውቀዋል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ይጎተታል፣ ድምፁም እየወፈረ ይሄዳል። ቴፑ ሲፈጥን ደግሞ ይቀጥናል። በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በእጥፍ ፍጥነት ሲጫወት 880 ጊዜ ይርገበገባል፤ አንድ ኦክታቭ ወጣ ማለት ነው። 6 በመቶ ማፍጠን እንኳ ግማሽ ቶን (በፒያኖ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለውን ልዩነት) ያህል ከፍ ያደርገዋል። ክራሩን ከቅጂው ጋር ቃኝቶ ለሚለማመድ ሰው ይህ ቀላል ጣጣ አይደለም።

ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ ስፒድን (ፍጥነትን) መቀየር ልክ እንደ ቴፑ ነው። ቴምፖን (የዘፈኑን የምት ፍጥነት) መቀየር ግን የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ሳይነካ ርዝመቱን ብቻ ይለውጣል። እንዴት? ቅጂውን ከሰከንድ እጅግ ባነሱ፣ ጫፋቸው በተደራረበ ቁርጥራጮች ይከፋፍለዋል። ለማፍጠን አንዳንዱን ይዘላል፤ ለማዘግየት ይደግማል፤ ከዚያ ሞገዱ የሚገጥምበትን ቦታ ፈልጎ ይሰፋዋል። በቁርጥራጩ ውስጥ ያለው ርግብግቢት ስላልተነካ ድምፁ እንዳለ ይቆያል።

ስፌቱ ግን ሁልጊዜ አይደበቅም። በጣም ሲዘገይ አንዱ የከበሮ ምት ሁለት ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ለልምምድ ምንም አይደል፤ ለሚታተም ሥራ ግን እኔ አልደፍረውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መቶኛው ላይ ነው። ቴምፖው በ25 በመቶ የጨመረ የ4 ደቂቃ ዘፈን 3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይሆናል። ወደ ቀድሞ ርዝመቱ የሚመልሰው 25 ሳይሆን 20 በመቶ መቀነስ ነው። ያም ሆኖ የሚመለሰው ርዝመቱ እንጂ ጥራቱ አይደለም፤ ዋናውን ፋይል አይሰርዙት።