የሕክምና ምስጢር ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት አጎቴን ይዤ ደብረ ማርቆስ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ጋቢውን እንደተከናነበ ከገጠር መምጣቱ ነበር። ካርድ ክፍሉ ጋ ወረፋችን ሲደርስ ልጅቷ በመስኮቱ በኩል ጮክ ብላ «አባባ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለችው። ከኋላችን ሃያ ሰው ያህል ተሰልፏል። አጎቴ ዞር ብሎ ሰልፉን አየና «ጉልበቴን» አለ።

የታመመው ግን ጉልበቱን አልነበረም። ውስጥ ስንገባም ያው ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ታካሚ ይታያል፤ መሃላቸው መጋረጃ እንኳ የለም። አጎቴ «ጉልበቴን» እንዳለ ቀረ፣ የጉልበት ማስታገሻ ተጻፈለትና ወጣን። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ «ነገ ሌላ ቦታ ውሰደኝ» አለኝ። (ይህን የምጽፈው አስፈቅጄው ነው።)

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። እውነት ነው። ግን ተረቱ ጥፋቱን ሁሉ በታማሚው ላይ ይጥላል። የሚናገርበት ቦታ ሰጥተነዋል ወይ?

የሕክምና ምስጢር የሚባለው ይህን ቦታ የሚሰጠው ነገር ነው። ሰው ለመታከም ብሎ ለሐኪም የነገረው፣ ሐኪሙም መርምሮ ያገኘው ሁሉ የታካሚው ነው። ሐኪሙ ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይደለም። የበሽታው ስም ብቻም አይደለም። የላብራቶሪው ውጤት፣ የሚወስደው ኪኒን፣ ስለ ትዳሩ ያወራው፣ እዚያ ክሊኒክ መምጣቱ ራሱ ምስጢር ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በጥንታዊው ግሪካዊ በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው መሐላ፣ ሐኪም በሥራው ያየውንና የሰማውን እንዳያወጣ ያስምለዋል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1948 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጄኔቫ ቃል ኪዳን ውስጥም አለ። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ ምስጢሩ ታካሚው ከሞተም በኋላ ይጠበቅ የሚል ተጨመረበት። በእኛ አገር ከ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399ን ማየት ይበቃል። የሙያ ምስጢር ማውጣት ወንጀል ነው ይላል፤ ሐኪምም የጥርስ ሐኪምም ይህ ግዴታ አለባቸው።

ለጎጃም ሰው ነገሩን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። የንስሐ አባት አለን። ለንስሐ አባት የተነገረ እንደማይወጣ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ልዩነቱ፣ ሐኪም ብቻውን አይሠራም። ነርሷ፣ ላብራቶሪው፣ ፋርማሲው ለሥራቸው የሚያስፈልጋቸውን ያህል ማወቅ አለባቸው። ያን ያህል ብቻ። የፋይሉን ወሬ ሻይ ቤት ይዞ የሚሄድ ግን ያው አደራ በላ ነው።

ከባህል መድኃኒት አዋቂዎቻችን ጋር ሳወዳድረው ደግሞ ሌላ ነገር ይታየኛል። እዚያ ምስጢሩ ቅጠሉ ነው። ሥሩ ሰው ሳያይ ይማሳል፣ ስሙ ለተመረጠ ልጅ ብቻ ይነገራል። የታማሚው ጉዳይ ግን አደባባይ ሊውል ይችላል። በዘመናዊው ሕክምና ይህ ይገለበጣል። የመድኃኒቱ ስም ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ የሚሸሸገው ሰውየው ነው።

ከባዱ ነገር ዘመድ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ብቻውን አይታመምም። አስታማሚው፣ ወንድሙ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተከትሎ ይገባል። ይህ ደግ ባህላችን ነው፣ እንዲጠፋም አልፈልግም። ግን ካንሰር የመሰለ ሲገኝ ሐኪሙን በር ላይ ይዘው «ለእሱ እንዳትነግሩት፣ ለእኛ ንገሩን» ይላሉ። የክፉ በሽታን ወሬ እንደ መርዶ ስለምናየው ይመስለኛል። መርዶ የሚነገረው በዘመድ በኩል፣ ተዘጋጅቶ ነው። ሰውየው ግን በሕይወት አለ፤ የራሱን መርዶ ከሱ በፊት ሰፈሩ ይሰማዋል። ሐኪሙ ማድረግ ያለበት ቀላል ነው። ገና ምርመራው ሲጀመር ታካሚውን ለብቻው «ውጤቱ ሲመጣ ለማን ልንገር?» ብሎ መጠየቅ። «ለልጄ ንገራት፣ እኔ መስማት አልፈልግም» ካለም መብቱ ነው። የሚወስነው እሱ ይሁን።

«ጥርስ ሐኪም ዘንድ ደግሞ ምን ምስጢር አለ?» ያለኝ ሰው አለ። ብዙ አለ። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ስኳር አለብህ ወይ፣ ደም ማቅጠኛ ትወስዳለህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደሙ ቶሎ ላይቆም ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ ለመዳን ሊዘገይ ይችላል። ሴቶች ነፍሰ ጡር መሆናቸው ይጠየቃል፣ ለራጅም ለመድኃኒትም ስለሚያስፈልግ። ታዲያ ያላገባች ልጅ እናቷ አጠገብ ቆማ «እርጉዝ ነሽ?» ብትባል ምን ትመልሳለች?

ፎቶም አለ። ከሕክምናው በፊትና በኋላ እያሉ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የሚለጥፉት ማለቴ ነው። ዓይኗን በጥቁር ሸፍነነዋል ይላሉ። እኛ አገር ግን በፍንጭቷና በተነቀሰ ድዷ የማትታወቅ ሴት አለች? ፎቶው እንዲለጠፍ ፈቃዷ ሊጠየቅ ይገባል። ወንበሩ ላይ አፏን ከፍታ ሳለችም አይደለም፤ እምቢ ብትል ሕክምናዋ እንደማይጓደል አውቃ ነው።

ምስጢሩ የሚወጣበት አግባብም አለ። ኮሌራ ወይም ኩፍኝ ከተጠረጠረ ወዲያው ሪፖርት ይደረጋል። ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል። ያኔም የሚነገረው ለሚመለከተው አካል ነው፣ የሚነገረውም የሚያስፈልገው ብቻ ነው።

በማግስቱ አጎቴን ሌላ ቦታ ወሰድኩት። ዶክተሯ ገና ወጣት ናት። አጎቴን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞራ «እርስዎ ውጭ ይጠብቁን፤ ካስፈለገ እሳቸው ያስጠሩዎታል» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። ይዤው የመጣሁት እኔ፣ የምከፍለውም እኔ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አይቀርም። ሲወጣ ጋቢው ከራሱ ወርዶ ትከሻው ላይ ነበር። ማዘዣ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ በእጁ ይዟል። «እንሂድ» አለኝ። አሁን ደህና ነው። ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም።